አዳማ ላይ ቻርጀሩ ከመኪናዎ ጋር አልገጥም ሲል፦ ያለ አዳፕተር፣ በኤሲ አዳፕተር ወይስ በዲሲ አዳፕተር?

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከአሰላ ስመለስ ባትሪዬ 14 በመቶ ላይ ነበር። ቤት ደወልኩ፤ ሰፈራችን መብራት የለም ተባልኩ። ፖስታ ቤት አካባቢ አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቻርጀር እንዳለ ስለማውቅ ወደዚያው ነዳሁ። ጥበቃው ገና መኪናውን ሲያይ እጁን አወዛወዘ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ መኪና አይሆንም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ይሄንኑ የመሰለ ይዞ መጥቶ፣ አልገባ ብሎት ነው የሄደው።»

እውነቱን ነው። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ገመድ ጫፉ የአውሮፓው ታይፕ 2 ነው። የእኔ መኪና ከቻይና የመጣ ስለሆነ የሚቀበለው የቻይናውን መሰኪያ፣ ጂቢቲን ነው። ከኋላ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ጭብጥ የምታህል ጥቁር ፕላስቲክ፣ የአንዱን ጫፍ ከሌላው የምታስማማውን አዳፕተሬን፣ አወጣሁ፤ ገመዱን እሷ ላይ፣ እሷን መኪናው ላይ ሰካሁ። ቀጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረ። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አያትና፣ «እንዴ! ያ ሰውዬ ታዲያ ይቺን አጥቶ ነው የሄደው?» አለኝ።

ያ ሰውዬ ከሐሳቤ አልወጣም። በዚያች ሌሊት የት እንዳደረ አላውቅም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል፤ አብዛኛው ደግሞ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነው። ቻርጀር የሚያስገጥመው ሰው ግን የሚገዛው ያገኘውን ነው፤ አንዱ የቻይና፣ ሌላው የአውሮፓ። እናም መኪናም ቻርጀርም እያለ፣ የገመዱ ጫፍ አልገጥም ስላለ ብቻ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚያወጡ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ዋጋቸውም አደጋቸውም ለየቅል ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። አዳማ የሚኖር ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ የቤቱ መስመር ላይ ያውጣ። ቀጥሎ የኤሲ (የዝግተኛው ቻርጅ) አዳፕተር ይግዛ፤ ይህኛው ብዙ ማሰብ አይፈልግም። የዲሲውን (የፈጣኑን) አዳፕተር ግን መንገዱ ካላስገደደው አይቸኩልበት። ምክንያቴን ላስረዳ።

መጀመሪያ ክዳኑን ከፍተው ይዩ

የመኪናውን ብራንድ አይመኑ። አንድ ዓይነት ቮልስዋገን አይዲ ፎር ለአውሮፓ ሲሠራ ሌላ መሰኪያ፣ ለቻይና ሲሠራ ሌላ መሰኪያ ይዞ ይወጣል። ቶዮታ ቢዚፎርኤክስም፣ ቢዋይዲም እንዲሁ ናቸው። ስሙ አንድ፣ ቀዳዳው ሁለት።

ክዳኑን ሲከፍቱ ለየብቻ የተቀመጡ ሁለት ክብ መሰኪያዎች ካሉ፣ አንዱ ትንሽ ሌላው ትልቅ፣ መኪናዎ ጂቢቲ ነው። ትንሹ ባለ 7 ፒን የኤሲ (ዝግተኛው) ነው፤ ትልቁ ባለ 9 ፒን የዲሲ (ፈጣኑ) ነው። ሁለቱ ተጣብቀው አንድ ላይ ከሆኑ፣ ማለትም ከላይ ክብ ሆኖ ከሥሩ ሁለት ወፍራም ቀዳዳ ከተቀጠለ፣ የአውሮፓው ሲሲኤስ 2 ነው፤ የላይኛው ክብ የኤሲው ታይፕ 2 ነው፣ ከሥሩ ያሉት ለዲሲ ናቸው። የቆዩ የኒሳን ሊፍ መኪኖች ደግሞ ቻዴሞ የሚባል የጃፓን ፈጣን መሰኪያ አላቸው፤ ያንን የያዘ ሰው ከዚህ በታች የምጽፈው ለእሱ እንዳልሆነ ይወቅልኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኤሲው ላይ ነው። የጂቢቲና የታይፕ 2 የኤሲ መሰኪያ ሲያዩት መንታ ይመስላል፤ ሁለቱም 7 ናቸው፣ አደራደራቸውም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ወንድና ሴት መሆናቸው ነው። በጂቢቲ ፒኑ ያለው ገመዱ ላይ ነው፤ መኪናው ቀዳዳ ነው። በታይፕ 2 ደግሞ መኪናው ነው ፒን ያለው፤ ገመዱ ቀዳዳ ነው። በስልክዎ መብራት አብርተው መኪናዎ ውስጥ ይመልከቱ። ፒን ከታየዎ የአውሮፓው፣ ቀዳዳ ከታየዎ የቻይናው። ያ ሆቴል ግቢ የመጣው ሰውዬም ቀዳዳን ከቀዳዳ ጋር ሊያጋጥም ሲታገል ነበር ማለት ነው።

ያለ አዳፕተር፦ ቤትዎ ጣቢያዎ ሲሆን

ከከተማ ብዙም ለማይወጣ ሰው የመጀመሪያው ምርጫ ምንም አለመግዛት ነው። ቀን ፍራንኮ፣ ገልማ አባ ገዳ፣ ሲርቅ ወንጂ ወይም ሶደሬ ደርሶ ለሚመለስ ሰው ሌሊት ቤቱ ቻርጅ ካደረገ ጣቢያ ምኑም አይደለም።

ግን ቤቱ ዝግጁ ነው ወይ? ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ተራ ሶኬት ላይ ሲሰካ ብዙውን ጊዜ 10 አምፔር ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት መሆኑ ነው። ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላትን ትንሿን የቢዋይዲ ሲገል ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 23 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በዚህ ሶኬት ከ10 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የ32 አምፔር ቻርጀር ግን 7 ኪሎዋት ይሰጣልና ያንኑ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል። ለዚህ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ የራሱ መስመር፣ 6 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 40 አምፔር ብሬከር እና ሰው ሲነካ የሚቆርጠው የ30 ሚሊ አምፔር መከላከያ ይፈልጋል። ለማብሰያ ተብሎ የተዘረጋ አሮጌ 2.5 ካሬ ሽቦ ላይ 32 አምፔር መጫን ቤት ማቃጠል ነው።

አዳማ ላይ በጣም የሚያስቸግረው ግን ኧርዙ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት መስመር ነው። ብዙ ቤት ኧርዝ የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም፤ ያለውም በጋ ሲገባ አፈሩ ይደርቅና አይሠራም። ቻርጀሩ ኧርዝ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። እምቢ ማለቱ ለእርስዎ አዝኖ ነው። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር አገናኝቶ «ይኸው ሠራ» ይላል፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ቤትዎ አይግባ። ኒውትራሉ አንድ ቀን ከፖሉ ላይ ቢበጠስ የመኪናው አካል በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ልጅ በሩን ሲነካ ነው የሚያውቁት። ትክክለኛው ሥራ የመዳብ ዘንግ በጥልቀት ቀብሮ ዙሪያውን ከሰልና ጨው መሙላት፣ በጋውን ደግሞ ውኃ ማጠጣት ነው። የእኔን ያሠራሁት ሁለት ዘንግ አስቀብሬ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቀዩን መብራት አላየሁትም።

ሌላው ቮልቴጁ ነው። ምሽት ሁሉም ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ቻርጀሩም ይቆማል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዲጀምር በመኪናው ስክሪን ላይ ሰዓት ማስያዝ ነው መፍትሔው።

ቤት ተከራይ ከሆኑና ባለቤቱ መስመር ማስገባት ካልፈቀደ፣ ወይም ኮንዶሚኒየም ላይ ከሆኑ፣ ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም። እንግዲህ ያኔ ነው አዳፕተር ቁም ነገር የሚሆነው።

የኤሲ አዳፕተር፦ ትንሿ ዕቃ

ኤሲ ላይ «ቻርጀር» የምንለው የግድግዳው ሣጥን በእውነቱ አስተዋይ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። ኤሲውን ወደ ዲሲ ለውጦ ባትሪውን የሚሞላው መሣሪያ መኪናው ውስጥ ነው ያለው። ሣጥኑ ለመኪናው የሚነግረው አንድ ነገር ነው፦ «ይህን ያህል አምፔር መስጠት እችላለሁ።» ይህን የሚናገረው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ በሚልከው ምልክት ሲሆን፣ ደስ የሚለው፣ ጂቢቲም ታይፕ 2ም እዚህ ላይ ቋንቋቸው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የኤሲ አዳፕተር ውስጡ መዳብ፣ ፕላስቲክና አንድ ሁለት ሬዚስተር ነው። ኮምፒውተር የለው፣ ባትሪ የለው። ዋጋውም በውጭ ገበያ በአሥር ቤት የሚቆጠር ዶላር ነው፤ የዲሲው ግን በመቶዎች ይቆጠራል።

ከእሷ ተአምር አይጠብቁ። ጣቢያው ላይ «22 ኪሎዋት» ተጽፎ ቢያዩም መኪናዎ ውስጥ ያለው መሣሪያ 7 ኪሎዋት ብቻ የሚወስድ ከሆነ 7 ነው የሚያገኙት። አዳፕተር መንገድ ይከፍታል እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

የመጀመሪያዋን አዳፕተሬን የገዛሁት አዲስ አበባ ከአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ነው። ላይዋ ላይ አምፔርም ቮልትም አልተጻፈም፤ ርካሽ ስለነበረች አልጠየቅኩም። በ32 አምፔር አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየች የተቃጠለ ፌስታል የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ነቅዬ ሳያት ከፒኖቹ የአንዱ ዙሪያ ቡናማ ሆኗል፤ ፕላስቲኩም ለስልሷል። ለጥቂት ነው እንጂ የመኪናዬ መሰኪያም አብሮ ሊሄድ ነበር። የአዳፕተር ዋጋ ከመኪናው መሰኪያ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከዚያ ወዲህ የማደርገውን ልንገርዎ። ላይዋ ላይ 32 አምፔርና 250 ቮልት በግልጽ ያልተጻፈባትን አልገዛም። አዲስ አዳፕተር ስገዛ መጀመሪያ መኪናውን 16 አምፔር ላይ አድርጌ ለግማሽ ሰዓት እሞክራለሁ፤ በእጄ ጀርባ ነክቼ ለብ ካለ ደህና፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ወደ ሻጩ ትመለሳለች። በየሁለት ወሩም ፒኖቹን በደረቅ ብሩሽ እጠርጋለሁ፤ የአዳማ ነፋስ አቧራውን የማያስገባበት ቀዳዳ የለም። አፈር የያዘ ፒን በደንብ አይነካም፣ በደንብ ያልነካ ፒን ይግላል።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምናለሁ፦ አዳፕተር በአዳፕተር ላይ አይቀጥሉ፤ ተራ ማራዘሚያም አያስገቡበት። አንዱ መጋጠሚያ ሲላላ የትኛው እንደጋለ ሳያውቁት ነው የሚቃጠለው።

ጣቢያው የራሱ ገመድ የሌለው፣ ሶኬት ብቻ ያለው ከሆነ ደግሞ አዳፕተር ጭራሽ አያስፈልግም፤ አንድ ጫፉ ታይፕ 2፣ ሌላው ጫፉ ጂቢቲ የሆነ ገመድ ይሸጣል። መጋጠሚያው ስለሚቀንስ ከአዳፕተር እሱን እመርጣለሁ።

የዲሲ አዳፕተር፦ አስተርጓሚው

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንነጋገር፤ ገንዘብ የሚባክነውም አደጋ የሚመጣውም እዚህ ነውና።

በዲሲ ጣቢያው ራሱ ኤሲውን ወደ ዲሲ ለውጦ በቀጥታ ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ጣቢያውና መኪናው ሳያቋርጡ መነጋገር አለባቸው፦ ስንት ቮልት፣ ስንት አምፔር፣ አሁን ቀንስ፣ አሁን አቁም። ጂቢቲ ይህን የሚነጋገረው ካን በሚባል ዘዴ፣ ለዚሁ ብቻ በተለዩ ሁለት ሽቦዎች ላይ ነው። ሲሲኤስ 2 ደግሞ ያቺኑ ቀጭን የምልክት ሽቦ ተጠቅሞ ፈጣን ሞገድ ይልካል። ፈጽሞ ሁለት ቋንቋ ነው። አዳማ ገበያ ላይ አማርኛ ብቻ የሚያውቅና ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ዋጋ ሲነጋገሩ፣ ሁለቱንም የሚያውቅ አንድ ልጅ መሃላቸው ቆሞ ያቀባብላል። የዲሲ አዳፕተር ያ ልጅ ነው። ውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለ።

የአሜሪካ ቪዲዮ አይቶ «እነሱ ይሄው በትንሽ አዳፕተር ቴስላ ጣቢያ ላይ ፎርድ ይሞላሉ፣ እኛስ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ አይመሳሰልም። ቴስላ መሰኪያውን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ለሌሎች ክፍት አደረገ፤ በ2023 ፎርድና ጀነራል ሞተርስ ተከታትለው ተስማሙ፤ የፎርድ ነጂዎች በየካቲት 2024 መጨረሻ በአዳፕተር መሙላት ጀመሩ። የቴስላ አዳዲስ ጣቢያዎች የሚናገሩት ግን ያንኑ የሲሲኤስን ቋንቋ ነው። የእነሱ አዳፕተር ቅርጽ ነው የሚቀይረው፤ የእኛ ቋንቋ ይተረጉማል። ያም ሆኖ ፎርድ በዚያው ዓመት ራሱ ለደንበኞቹ ያደላቸውን የተወሰኑ አዳፕተሮች መጠቀም እንዲያቆሙ አሳስቦ በሌላ እስከ መቀየር ደርሷል፤ ኃይሉ እየቀነሰ እንደሚሄድና የመኪናውን መሰኪያም ሊጎዳ እንደሚችል ስለታወቀ። በፋብሪካው በራሱ የተሰጠው ቀላሉ አዳፕተር ይህን ካመጣ፣ ስም የሌለውን ከባዱን ስንገዛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን ያስቡት።

አስተርጓሚ መሆኑ የሚያመጣው ብዙ ጣጣ አለ። አንደኛ፣ የጂቢቲ መኪና ፈጣን ጣቢያ ላይ ሲሰካ ከጣቢያው የሚጠብቃት 12 ቮልት አለች፤ የሲሲኤስ ጣቢያ ያንን አይሰጥም። ስለዚህ አዳፕተሩ የራሱ ትንሽ ባትሪ ኖሮት ያንን 12 ቮልት ይሰጣል። ያ ትንሽ ባትሪ ከሞተ አዳፕተሩ ድንጋይ ነው። ወራት ሳይነካ መኪናው ውስጥ የተጣለ አዳፕተር መተሐራ ላይ በሚፈለግበት ሰዓት እንደማይነሳ ከወዲሁ ይወቁ፤ በየወሩ በዩኤስቢ ገመድ ይሙሉት። ሁለተኛ፣ ጣቢያው ወይም መኪናው ሶፍትዌሩን ሲያድስ አስተርጓሚው የማያውቀው ቃል ሊመጣ ይችላል፤ ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ይላል። አዳፕተሩ በፍላሽ የሚታደስ ካልሆነ፣ ሻጩም ማደሻውን ፋይል የማይልክ ከሆነ አይግዙት። እኔ ሻጭ ስጠይቅ ከዋጋው በፊት የማነሳው ጥያቄ ይህ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የከበደው አነቃቀሉ ነው። ኤሲ በሰከንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ውስጥ ስለሚያልፍ ብልጭታው ራሱ የመጥፋት ዕድል አለው። ዲሲ ዜሮ የለውም፤ 400 ቮልት ተሸክሞ በሚፈስበት ሰዓት ከተነቀለ እሳቱ እንደ ብየዳ ተያይዞ ይቀጥላል። ለዚህ ነው መሰኪያዎቹ የሚቆለፉት። ደህና አዳፕተር በሁለቱም በኩል ቁልፍ አለው። መጀመሪያ ከጣቢያው ወይም ከስልክዎ «አቁም» ይበሉ፤ ስክሪኑ ላይ ኃይሉ ዜሮ መግባቱን በዓይንዎ ይዩ፤ ከዚያ መኪናውን ይክፈቱ፤ መጨረሻ ላይ ይንቀሉ። አልነቀል ካለ አይጎትቱ። ከመሰኪያው ጋር ሲታገል ያየሁት ሰው ሁሉ የቸኮለ ሰው ነው።

ሲገዙ አቅጣጫውን ያረጋግጡ። «ከሲሲኤስ 2 ጣቢያ ወደ ጂቢቲ መኪና» እና «ከጂቢቲ ጣቢያ ወደ ሲሲኤስ 2 መኪና» ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ፈንታ አይሠራም። የተገላቢጦሹን አስመጥቶ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ጎረቤት አለኝ። የሚችለው ቮልትና አምፔር መጻፉን፣ ውስጡ ሲግል ራሱ የሚያቆም የሙቀት መቆጣጠሪያ እንዳለው፣ የመኪናዎ መመሪያ ደብተርም ስለ አዳፕተር ምን እንደሚል ይመልከቱ፤ ዋስትናዎ በዚህ ሊቀር ይችላል። የጣቢያው ባለቤትም መብት አለው። «አዳፕተር ክልክል ነው» ካለ አይከራከሩ፤ ገመዱ የእሱ ነው፣ ቢቃጠል የሚከስረው እሱ ነው።

አንድ የአብሮ መኖር ነገርም ልጨምር። ሁለት ገመድ ያለው ጣቢያ ላይ፣ አንዱ ጂቢቲ ሌላው ሲሲኤስ 2፣ ጂቢቲው ተይዞ በአዳፕተር የአውሮፓውን ቢይዙ ችግር የለውም። ነገር ግን ሲሲኤስ 2 መኪና ያለው ሰው ከመጣ እሱ ሌላ ምርጫ የለውም፤ እርስዎ አለዎት። የሚበቃዎትን ያህል ከሞሉ ይልቀቁለት። ከ80 በመቶ በላይ ማንኛውም መኪና የሚሞላበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያቺን የመጨረሻዋን 20 ይዞ ሰው ማቆም ደግ አይደለም።

መንገድዎ የት ነው?

ወደ አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ልብ የማይባለው ግን ዳገቱ ነው። አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ያህል ትበልጣለች። 1,600 ኪሎ የሚመዝን መኪና ያንን ያህል ሽቅብ ለመውጣት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ በደልዳላ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያስኬድዎ ነበር ማለት ነው። በፈጣን መንገዱ ላይ ሲሮጡበት ደግሞ ይብሳል። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልስልዎታል። ለዚህ መንገድ የዲሲ አዳፕተር አልመክርም፤ አዲስ አበባ ላይ የጂቢቲ ገመድ ያላቸው ጣቢያዎች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም ፈጣን ጣቢያ ከፍቶ በቴሌብር ያስከፍላል። እዚያ ውለው መምጣትዎ ካልቀረ በኤሲም ይሞላል።

አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ 800 ሜትር ሽቅብ ነው። መሄዱ ይበላል፣ መመለሱ ይክሳል። ሙሉ ይዞ የወጣ መኪና ደርሶ ይመለሳል፤ እኔ ያን ምሽት 14 በመቶ ላይ የደረስኩት ከቤት በ70 ስለወጣሁ ነው። እዚህም የኤሲው ይበቃል።

ሐዋሳ ግን ሌላ ነው። በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ትንሽ ባትሪ ያለው መኪና መንገድ ላይ ሳይሞላ ባይሞክረው ይሻላል። አዋሽም 125 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ ሲሄዱ ቁልቁል፣ ሲመለሱ ሽቅብ መሆኑ ሰው ያታልላል፤ ሲደርሱ ብዙ ባትሪ የተረፈ ይመስላል፣ ሲመለሱ ግን ያልቃል። ሙቀቱም አየር ማቀዝቀዣውን አያስጠፋም። በእነዚህ ሁለት መንገዶች በወር ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመላለስ ሰው፣ ነጋዴም ሆነ ሾፌር፣ የዲሲ አዳፕተር ቢገዛ ገንዘቡን አልጣለም። ያገኘው ጣቢያ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ በኤሲ ከመሙላት፣ መኪናው ከ30 እስከ 40 ኪሎዋት እንኳ ቢቀበል በ40 ደቂቃ አካባቢ ተነስቶ ይሄዳል። ከመነሳቱ በፊት ግን የሚቆምበት ጣቢያ ላይ ደውሎ የገመዱን ዓይነት ይጠይቅ። «ቻርጀር አላችሁ?» ብቻ አይበል፤ «ገመዱ ጫፉ ላይ ስንት ፒን አለው? ፎቶ ላኩልኝ» ይበል። አንድ ፎቶ ስንት ጊዜ ከመንገድ እንዳዳነኝ!

መኪና ገና ላልገዛ ሰው በአጭሩ፦ የሚኖሩበትና የሚመላለሱበት አካባቢ የትኛው ገመድ እንደሚበዛ ዞረው ይዩና ያንን መሰኪያ ያለውን ይግዙ። ምርጡ አዳፕተር የማያስፈልገው ነው።

ከአዲስ አበባ ስመለስ አዳማ መግቢያ ላይ ኮረብታውን የሞሉትን የነፋስ ተርባይኖች ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል። በሁለቱ ጣቢያዎች 136 ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋዋት። አንዷ በሙሉ ጉልበቷ ስትዞር ባለ 60 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር 25 ታንቀሳቅሳለች። ኃይሉ ከደጃችን ነው፤ የገመድ ጫፍ ልዩነት እንዲህ ማስቸገሩ ይቆጨኛል።

ሦስት ጎረቤት፣ አንድ አዳፕተር

የዲሲውን ለብቻ መግዛት ለከበደው ሰው የምወደው መንገድ ይህ ነው። እኛ ሰፈር ሦስት ሰዎች ነን ያዋጣነው። ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ከሁለት ቀን በፊት ይናገራል፤ ሲመለስ በማግሥቱ ያስረክባል። መኪኖቻችን የተለያየ ብራንድ ናቸው፤ ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት ሻጩን አስፈቅደን በሦስቱም ላይ አንድ ጣቢያ ሄደን ሞከርነው። በሁለቱ ወዲያው ሠራ፤ የሦስተኛው እምቢ ብሎ ሻጩ ማደሻ ፋይል ከላከ በኋላ ነው የተቀበለው። ያን ቀን ባንሞክር ኖሮ አንዱ ባለድርሻ ለማይሠራለት ዕቃ ከፍሎ ይቀር ነበር።

አንድ ደብተር አለን። የወሰደው ሰው ቀኑን፣ የሞላበትን ቦታ፣ ስክሪኑ ላይ ያየውን ከፍተኛ አምፔርና የገጠመውን ነገር ይጽፋል። አምፔሩ ከጉዞ ጉዞ እየወረደ ከመጣ ፒኖቹ እያረጁ እንደሆነ እናውቃለን። ከተበላሸ ሦስታችንም እኩል እንችላለን፤ በጉተታ ወይም በመጣል ከሆነ ግን ያጠፋው ሰው ይችላል፤ ይህንን ከመጀመሪያው ቀን ተፈራርመናል፣ ወዳጅነት በዕቃ እንዳይበላሽ። ርክክቡ ላይ ደግሞ አስረካቢው የውስጧን ባትሪ ሞልቶ ነው የሚያመጣው፤ ተረካቢው ቁልፏን ተጭኖ አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ ካየ በኋላ ብቻ ደብተሩ ላይ ይፈርማል።